መኪና ውስጥ እያደሩ ሰሜን ሸዋን መዞር፦ ከመንገዱ በፊት ማደሪያው

ውጭ አገር ሰዎች አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው ትልቅ መኪና ይዘው አገር ሲዞሩ በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ መኪና ብርቅ ነው። ግን የኋላ ወንበሩ የተነሳለት ሚኒባስ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳን የተጫነበት ላንድክሩዘር ወይም ጀርባው በሸራ የተሸፈነ ፒካፕ ያለው ሰው ያንኑ ነገር በራሱ አቅም ማድረግ ይችላል። ይሄ ጽሑፍ ለእሱ ነው። መነሻችን አዲስ አበባ፣ መሄጃችን ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ጣርማ በር፣ መንዝ ጓሳ፣ ደብረ ሲና፣ ከተመቸም ሸዋ ሮቢት።

ብዙ ሰው ጉዞ ሲያቅድ መንገዱን ያሰምርና ማደሪያውን "ስንደርስ እናየዋለን" ይላል። ሰሜን ሸዋ ላይ ይሄ ብዙ አያዋጣም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ውርጭ ተነስታችሁ በአንድ ቀን 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለ ሙቀት ልትወርዱ ትችላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ጉም ይመጣና የፊታችሁን አያሳያችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የት የት እንደምታድሩ ወስኑ፣ ከዚያ መንገዱን በዚያ ልክ ቁረጡት።

አንደኛ፦ ሰላሙን ጠይቁ

ይሄን ማለፍ አይቻልም። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ መንገድ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ላይከፈት ይችላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያነበባችሁትን ትታችሁ ላምበረት መናኸሪያ ሂዱና ዛሬ ጠዋት ከዚያ የመጣ ሾፌር ፈልጉ። ሾፌር አይዋሽም ማለቴ አይደለም፣ ግን ነገም ያው መንገድ ላይ ስለሚሄድ ነገሩን ያውቀዋል። "እስከ ደብረ ሲና እንዴት ነው? ወደ ጓሳና መሐል ሜዳ የሚገባውስ?" ብላችሁ ለያይታችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ዋናው አስፋልት ሰላም ሆኖ ተገንጣዩ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ልታድሩበት ያሰባችሁት ቦታ ደውላችሁ ከአንድ የአካባቢው ሰው አረጋግጡ። ሁለቱ መልሶች ካልገጠሙ አትሂዱ። ተራራው የትም አይሄድም።

መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ፣ ሁሉንም በአንድ ፕላስቲክ አድርጋችሁ እጅ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ኬላ ላይ ሻንጣ መበርበር ሰውንም ራስንም ያሰለቻል። ድሮን ቤት ይቅር። ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ነው፣ በዚህ አካባቢ ደግሞ ማንንም አያስቅም።

ሁለተኛ፦ ወሩን ምረጡ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ጥሩ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ አረንጓዴው አልጠፋም፣ አደይ አበባውም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ማታ ግን ውርጭ ይወርዳል። ጓሳ ላይ ከዜሮ በታች ይገባል፣ ደብረ ብርሃንም ብትሆን አትራራም። የካቲት ከገባ በኋላ የበልግ ዝናብ ሊጀምር ይችላል። ክረምት ላይ አትሞክሩት። በሐምሌ ጥቁር አፈር ላይ መኪና ያቆመ ሰው ትራክተር መፈለጉ አይቀርም።

አንድ ነገር ጨምሩበት፣ የጾም ቀኖችን። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይ በነቢያት ጾም ወይም በዐቢይ ጾም ከሄዳችሁ ትንንሾቹ ከተሞች ላይ የምታገኙት ሽሮና አትክልት ነው። ለአንዳንዱ ችግር ነው፣ ለእኔ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ሌሊቶቹን ካርታ ላይ አስቀምጡ

ደንቡ አጭር ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ደርሳችሁ መቆም አለባችሁ። 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ቦታ ለማየት፣ ለማስፈቀድ፣ መኪናውን ለማስተካከልና ለማብሰል ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። በማታ መንዳት በፍጹም። መብራት የሌለው ጋሪ፣ መንገድ ዳር የተበላሸ ከባድ መኪና፣ የተኛ አህያ፣ በላዩ ላይ ጉም ሲጨመርበት ምንም ችሎታ አያድንም።

ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ። በተረጋጋ አነዳድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደብረ ሲና 190 ገደማ ላይ ትመጣለች። ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ ወደ መንዝ ስትገቡ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እዚያ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስቡ፣ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ቡና ትጠጣላችሁ።

ለአምስት ሌሊት የማመቻቸው አካሄድ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛው አንኮበር፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጓሳ፣ አምስተኛው ወይ ደብረ ሲና ወይ ተመልሶ ደብረ ብርሃን። ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ማታ ደርሶ ጠዋት የሚወጣ ሰው ቀይ ቀበሮ ሳያይ ይመለስና "ምንም የለም እኮ" ይላል።

ሌሊቶቹ አንድ በአንድ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የከተሙባት ከተማ ስትሆን ዛሬ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች። ለመጀመሪያ ሌሊት የምመርጣት ለታሪኳ ብቻ አይደለም። የረሳችሁት ነገር ቢኖር የሚገዛበት ከተማ ናት። ጋዝ፣ ገመድ፣ አምፖል፣ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም አለ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ስለሆነች ቀጭን ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው እዚያው ይካካሳል። ጎሚስታም መካኒክም ሞልቷል። እዚህ ዱር ፍለጋ አትውጡ። ሰፊ ግቢና ጥበቃ ያለው ሆቴል ፈልጉና "ክፍል አንይዝም፣ መኪናችን ውስጥ እናድራለን፣ ለማቆሚያና ለሻወር እንክፈል" በሉ። አንዳንዱ እንግዳ ነገር ይሆንበታል፣ ግን እራት እዚያው ከበላችሁ ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል። ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ጥግ ራቁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሞተር አስነስተው ያሞቃሉ፣ እናንተም አብራችሁ ትነሳላችሁ።

መንገዳችሁ ላይ ጫጫ አጠገብ አንጎለላ አለች፣ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት። ለማየት ጥሩ ናት፣ ለማደር ግን ደብረ ብርሃን ይሻላል።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች፣ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች የመጡት እዚህ ነው፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ከዚህ ሆነው ገዝተዋል። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ ተሠርቷል። ለማደር ግን ስለ ነፋሱ አስቡ። ገደሉ ጫፍ ላይ ስትቆሙ ታች አሊዩ አምባ የሚወርደው ቆላ ሁሉ ይታያል፣ ፎቶው ያምራል፣ ሌሊት ግን ነፋሱ ከዚያው ከታች ሽቅብ ይመጣና የጣሪያ ድንኳን እንደ ነጋሪት ይመታል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ፎቶ ተነሱ፣ ለመኝታ ከኮረብታው ጀርባ ውረዱ። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ጎኑን አትስጡት። ወፍ የምትወዱ ከሆነ ጠዋት ጫፉ ላይ ቆዩ። በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ለሳይንስ የተመዘገበችና በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ቡናማ ወፍ እዚህ አለች። እውነቱን ለመናገር ለማየት ብዙም አታምርም፣ ግን የኢትዮጵያ ብቻ ናት።

መንዝ ጓሳ የጉዞው ዋና ቦታ ነው። ጣርማ በር ላይ ከደሴ መንገድ ወደ ግራ ተገንጥላችሁ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው ትሄዳላችሁ፣ ጓሳ ከመሐል ሜዳ ቀደም ብሎ ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ቦታው የማኅበረሰቡ ነው፣ መንዞች ከ400 ዓመት በላይ በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል፦ ሣሩ ለዓመታት ሳይነካ ይከለላል፣ ሲከፈት ብቻ ይታጨዳል። ያ የጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ እረኛው የሚለብሰውም ገሳ ከዚያው ይሠራል። ለእናንተ የሚመለከታችሁ ይሄ ነው፦ መኪና ሣሩ ላይ አይነዳም። አንድ የጎማ መስመር ለእናንተ ምንም ነው፣ ለእነሱ ጣሪያቸው ነው። የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ፣ ቀላል ነው፣ ምግባችሁን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። መግቢያ ከፍላችሁ የት ማቆም እንደምትችሉ ጠይቁና ባሏችሁ ቦታ ቁሙ። የአካባቢውን ጠባቂ ይዛችሁ በእግር ውጡ። ቀይ ቀበሮ በቀን ነው የሚያድነው፣ አይጥ ፍለጋ፣ ብቻውን። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው ይባላል። ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፣ የውሻ በሽታ ለእሱ ሞት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊት ገደሉ ላይ ያድሩና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ምግብ አትስጧቸው። አንዴ ዳቦ የለመደ ጭላዳ መኪና ባየ ቁጥር ይመጣል።

ደብረ ሲና ለማደር ከጓሳ ሞቅ ትላለች፣ ዙሪያዋ ለምለም ነው፣ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ለሚሄድም መነሻ ትሆናለች። የቆሎው ነገር ደግሞ አይታለፍም። መኪና ገና ሳይቆም ሴቶቹ ይከባሉ፣ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው በየሰፌዱ፤ በብርጭቆ ይሰፍሩና በወረቀት ይጠቀልላሉ፣ ላዩ ላይም ምራቂ ጣል ያደርጋሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ቅመሱ፣ ማንም አይቆጣም።

ሸዋ ሮቢት እስከ ታች የወረደ ሰው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ሙቀት ነው፣ ማንጎ ነው፣ ወባም አለ። እዚያ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ፣ የመኪናው መስኮት ላይም የትንኝ መረብ ይወጥር። ላይ ብርድ ልብስ፣ ታች አጎበር፤ የሰሜን ሸዋ ሻንጣ እንዲህ ነው የሚታሰረው።

አራተኛ፦ የምትቆሙበትን መሬት እዩ

ከተማ ወይም ሎጅ ሳይሆን ገጠር ላይ ለማደር ከወሰናችሁ፣ መጀመሪያ ከመኪናው ውረዱና በእግራችሁ ዙሩት።

አፈሩን እዩ። በሸኖ፣ በእነዋሪና በጅሩ በኩል መረሬው ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ጡንቻ ነው፣ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጎማ ላይ ይጠቀለልና መኪናው ባለበት ይሽከረከራል። ደረቅ ነው ብላችሁ ገብታችሁ ሌሊት ቢዘንብ ጠዋት መውጫ የለም። ጠጠር ያለበት፣ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከመንገዱ ብዙ ያልራቀ ቦታ ምረጡ። ፊታችሁን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ። አሸዋው ለጥ ያለ ነው፣ ምቹ ነው፣ ልብ ይማርካል። ግን ከጣርማ በር በታች ያሉት ወንዞች ውኃቸው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ላይ ዘንቦ ደራሽ ይመጣል፣ ድምፁን ስትሰሙ ጊዜ የለም። እግረ መንገዴን፣ የጣርማ በር ሸንተረር የውኃ ክፍፍል ነው። በምዕራብ በኩል የወረደ ዝናብ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ በምሥራቅ የወረደው አዋሽን ይቀላቀላል።

ዳገት ከሆነ ጭንቅላታችሁ ወደ ላይ ይሁን። አንድ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ይዛችሁ ጎማ ሥር ብታስገቡ መኪናው ይስተካከላል። ከብት የሚነዳበት መንገድ፣ የውኃ መቅጃ፣ አውድማና ያልታጨደ ማሳ አጠገብ አትቁሙ። ማታ ባዶ የመሰለ ቦታ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ የሚያልፍበት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አምስተኛ፦ ባለቤት ያለው ቦታ እደሩ

ከሁሉም የምለው ይሄን ነው። ብዙ ሰው ሰው የማያየው ቦታ ደኅና ይመስለዋል። በእኛ አገር ሰው የማያየው ቦታ የለም። ጫካ ውስጥ ገብታችሁ ብትቆሙ እረኛ አይቷችኋል፣ እረኛው ለአባቱ ነግሯል፣ አባትየው ለሚሊሻው ነግሯል፤ "ማን ናቸው? ምን ይፈልጋሉ?" እየተባለ ነው። ሌሊት በባትሪ ብርሃን መስኮት ሲንኳኳ ያኔ ማስረዳት ከባድ ነው። "የእኔ እንግዶች ናቸው" የሚል አንድ ሰው ካለ ግን ነገሩ እዚያው ያልቃል።

እንዴት ይጠየቃል? መኪናውን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና በእግራችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ ሴትም ወንድም ሆናችሁ። ጥሩንባ እያስጮኹ ደጅ መድረስ ነውር ነው። ሽማግሌ ካገኛችሁ ሰላምታውን አታሳጥሩት፦ "እንደምን ዋሉ አባቴ? ከብቱ፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው?" ከዚያ "ከአዲስ አበባ የመጣን ነን፣ አገር እያየን ነው። መሸብን፣ መኪናችን ውስጥ ነው የምናድረው፣ ግቢዎ ጥግ ብናቆም ይፈቅዱልናል?" በሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ቤት ለእንግዳ" ነው። ከዚያ ሌላ ችግር ይመጣል፣ ቤት ግቡ፣ እዚህ ተኙ፣ ብሉ ይላሉ። ቡናውን ጠጡ፣ የቀረበውን ቅመሱ፣ መኝታውን ግን "መኪናው አልጋ አለው፣ ኑ እዩት" ብላችሁ ብታሳዩዋቸው ይገባቸዋል። ልጆቹ ዘለው ይገቡበታል፣ ተዉአቸው።

ገንዘብ መስጠት አስቸጋሪ ነው፣ ብዙዎቹ አይቀበሉም፣ አንዳንዱም ይከፋዋል። ጥሬ ቡናና ስኳር ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። ለእናትየው ትሰጧታላችሁ፣ "እማማ፣ ለቡና" ብላችሁ። ሆቴልና ሎጅ ከሆነ ደግሞ ለጥበቃው የሻይ አትርሱ፣ ማታ መኪናችሁን የሚያየው እሱ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ በኋላም ለቀበሌ ወይም ለሚሊሻ ማሳወቅ ያስፈልግ እንደሆነ እሱን ጠይቁት። እሱ ራሱ ሄዶ ይነግራል።

ጸበል ቦታዎች ላይ፣ ለምሳሌ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ለማደር ያሰበ ሰው የቦታውን ሥርዓት ይጠይቅ። ወንድና ሴት የሚያድሩበት ይለያያል፣ የሚበላውም የሚጠጣውም እንደልብ አይደለም፤ ንግሥ ከሆነ ደግሞ የመኪና ቦታ አታገኙም። ለሽርሽር ከሆነ ቀን ሄዶ ተሳልሞ መመለስ ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ሌሊቱ

ብርዱ የሚገባው ከታች ነው። ሰው ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች ስስ ስፖንጅ አንጥፎ ይተኛና ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያነጋል። ኮምፔርሳቶው ላይ መጀመሪያ ወፍራም ነገር አንጥፉ፣ የመንዝ ባና ካገኛችሁ ከዚያ የተሻለ የለም፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ነው። ከዚያ ፍራሹ። ኮፍያ አድርጋችሁ ተኙ።

ሁሉንም መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ። የሁለት ሰው ትንፋሽ ሌሊቱን መስታወቱ ላይ ውኃ ይሆናል፣ ጓሳ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ጠዋት ፍራሹ እርጥብ ነው። በሁለት ወገን አንድ አንድ ጣት ክፍት ተዉ። ይበርዳል፣ ግን ደረቅ ብርድ ከእርጥብ ብርድ ይሻላል።

አሁን ይሄን አስምሩበት። ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። "ጢሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው" የሚባለው ነገር ነው ሰው የሚገድለው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ በቃ። ቡታጋዝም እንደዚያው ነው፣ አብስሉበትና አጥፍታችሁ አውጡት። ሞተር አስነስቶ በማሞቂያ መተኛትም አይቻልም። ሙቀት ከፈለጋችሁ የፈላ ውኃ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ።

የአዲስ አበባ ሰው ከፍታውን ትንሽ ለምዶታል። ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ግን ጓሳ ላይ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ውኃ ይጠጣ፣ የመጀመሪያውን ማታ አረቄ ይተው። ራስ ምታቱ ከባሰና ማስታወክ ከመጣ መፍትሔው መውረድ ነው።

ስለ ምግብ አጭር ነገር። ጓሳ ላይ ውኃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ባቄላና ምስር ሲንተከተክ ያመሻል እንጂ አይበስልም። ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ፣ እነዚህን ያወቀ ሰው ጋዝ አይጨርስም። ፍሪጅ ጓሳ ላይ የሚጭን ሰው ምን እንደሚያቀዘቅዝ አላውቅም። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰል አስቡ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ፖርቶ መጋላ ላይ አትስቀሉት፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ጥምዝ ላይ መኪናው ይወዛወዛል። ምግብ ውጭ አሳድራችሁ ጅብ አትጥሩ። ለመብራትና ለስልክ ሁለተኛ ባትሪ ቢኖር ጥሩ ነው። የመኪናውን ዋና ባትሪ ማታ ሙዚቃ ሲያስጨርሱት አድረው ጠዋት የሚያስገፉ ሰዎች አሉ፣ በዚያ ከፍታ መኪና መግፋት ሳንባ ይፈልጋል።

ሰባተኛ፦ መኪናውና ቁልቁለቱ

ከመውጣታችሁ በፊት የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ፣ ባሌስትራና እስኮርታ ጎማ ይታዩ። ክሪኩ ይሠራ እንደሆነ ቤት ሞክሩት፣ መንዝ ላይ አይደለም። ነዳጅ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ አድርጉ፣ ከዚያ ወዲያ ማደያ ቢኖርም ነዳጅ መኖሩ የዕድል ነው፣ በጀሪካን መግዛትም እንደ ልብ አይሆንም። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቴሌብር ላይ ብር ይኑራችሁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፣ ስለዚህ ጣርማ በር ላይ መኪናው ቢደክም ታሟል ማለት አይደለም።

ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ዋሻ አለ። ከመግባታችሁ በፊት መብራት አብሩ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ ውስጥ አትቅደሙ። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ነው ፍሬን የሚጨርሰው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፣ ሲግል መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ጎማው ላይ ውኃ አታፍስሱ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ጉም ከወረደ ረጅም መብራት ጉሙን ያበራዋል እንጂ መንገዱን አያሳይም፣ አጭሩን አብሩ። ምንም ካልታየ ደብረ ሲና መድረስ ግዴታ አይደለም፣ ከመንገድ በደንብ ወጥታችሁ ሻይ አፍሉ።

ጠዋት መስታወቱ ላይ ውርጭ ከተጋገረ የፈላ ውኃ አታፍስሱበት፣ ይሰነጠቃል። በፕላስቲክ ካርድ ፋቁት ወይም ፀሐይ ጠብቁ። ቆሻሻችሁን በፌስታል አስራችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ ጓሳ ላይ የሚጥሉበት ገንዳ የለም። ለመጸዳዳት ትንሽ አካፋ ያዙ፣ ከውኃ ራቅ ብላችሁ ቆፍራችሁ ቅበሩ።

መመለሻው እሑድ ከሆነ ከደብረ ብርሃን ከ6 ሰዓት በፊት ተነሱ። ከሰንዳፋ እስከ ለገጣፎ ያለውን የእሑድ ማታ ሰልፍ ለሌላ ሰው ተዉለት።